ሠላሳ አንድ ጉንፋን

ግንቦት 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ባለፈው «ሰላምታህ ሁለት ገጽ፣ ወሬህ ሁለት መስመር» ብለሽ ስለ ሰደብሽኝ ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች፤ ወገቧን ብቻ ያማታል። ቤቱም ደህና ነው፣ ጣሪያው ብቻ ያፈሳል። ልጅሽም ደህና ናት።

ጫማው ልክ ሆናት ወይ ላልሽው፣ ጠቧታል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ካየሻት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ እግር ደግሞ ደብዳቤ እስኪደርስ አይጠብቅም። ቁመቷ ባለቤቴን አልፏል። ድንቡሼ ብለን ያወጣንላት ስም ብቻ ነው ወፍሮ የቀረው፤ እሷስ ሸንበቆ ሆናለች። መጽሐፍ ከእጇ አይለይም፤ ሰሃን እያጠበች እንኳ ታነባለች፣ ሁለት ብርጭቆ ሰብራብናለች።

ትምህርቷ እንዴት ነው ላልሽው ግን፣ ሂሳብ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ብላለች። የሞዴል ፈተናው እንደጠበቅነው አልሆነም። የእሷ ብቻ አይደለም፣ የብዙዎቹ ነው። አትጨነቂ፣ እኔ አለሁላት።

ሰርኩላሩ ደርሶናል። እዚያ መምሪያ ተቀምጠሽ አንቺ እንደ ጻፍሽው ከታች ካለው ምልክት አወቅሁ። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ዓመት በተከታታይ ከግማሽ በታች ያሳለፈ ትምህርት ቤት ይታጠፋል፣ ተማሪውና በጀቱ በቅርብ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራል ይላል። አምና ከመቶ አርባ አራት ነበር ያሳለፍነው። ዘንድሮ ከደገምነው አለቀልን። «በቅርብ ያለው» የተባለው ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ራስሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር የምትሻገሪው።

ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በፈተናው ቀን ታሞ የቀረ ተማሪ፣ የሕክምና ማስረጃ ካመጣ፣ ከማሳለፊያ ስሌቱ ይወጣል ይባላል። እውነት ነው? ስንት ተማሪ ድረስ? ለሌላ አይደለም፣ ዘንድሮ ጉንፋኑ ስለ በረታ ነው።

ስልክ አትደውይ። የትምህርት ቤቱ ስልክ ሂሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ የሰማችውን ከምሳ በፊት አድላ ትጨርሳለች። ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ግንቦት 14

ወንድምዬ፣

አሞኝ የነበረው እጄ ድኗል፤ ማኅተም ለመምታት ይበቃል። መምሪያው እንደምታውቀው ነው። ዘንድሮ የጽሕፈት መሣሪያ በጀት በግማሽ ተቆርጦ እርሳስ እንኳ በፊርማ ነው የምንወስደው። ወረቀት ደግሞ ፊትና ጀርባ ካላባዛን አለቃዬ ይቆጣል። እሱ ራሱ ማስታወሻውን የሚጽፈው በፖስታ ጀርባ ላይ ነው።

ስለ ሕመምተኞቹ የሰማኸው ልክ ነው። ማስረጃ ያለው ከስሌቱ ይወጣል። ነገር ግን የቀሩት ከተመዝጋቢው ሲሶ ካለፉ የትምህርት ቤቱ ፈተና በሙሉ ይሰረዛል። ለመሆኑ ጉንፋን ከመቼ ወዲህ ነው አንተን የሚያሳስብህ? እኔ እጄን ሰብሬ ስመጣ «ይሻልሻል» ብለህ ኳስህን የቀጠልክ ሰው!

አሁን ደስታዬን ልንገርህ። ቤት ቀይሬያለሁ። ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው የድንቡሼ ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፣ ጫጫታ የለውም። ፈተናውን ካለፈች ለዘጠነኛ ክፍል እዚህ ትመዘገባለች፣ ቦታም ይዤላታለሁ። ቦታው የሚቆየው ለዘንድሮ ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በአንድ ክፍል ቤት ልጅ ማሳደግ አትችልም ብላችሁ የወሰዳችሁልኝ ለደግ ነበር፣ ውለታችሁን አልረሳም። ግን ሦስት ዓመት በቃኝ። ልጄን እፈልጋታለሁ። አናጢው አልጋ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ የቁመቷን ልክ ላክልኝ ብዬህ ነበር፣ ረሳኸው።

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እሷ በራሷ እጅ «እማ፣ የሂሳብ ሞዴሉ ቀላል ነበር፣ ከአርባው ሁለቱን ብቻ ነው የተጠራጠርኩት» ብላ ጽፋልኛለች። አንተ ወደ ኋላ ብላለች ትለኛለህ። ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል። ጥራና ጠይቃት።

እህትህ


ሰኔ 3

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? አዲሱ ቤትሽ ተስማማሽ ወይ? የድሮ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊውስ ዓይናቸው ተሻላቸው? አለቃሽስ ቁጣቸው በረደ? እኔ እዚህ ሁልጊዜ ስለ አንቺ አስባለሁ። መልሴ በመዘግየቱ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። በእውነት ይቅርታ።

ፈተናው በሰላም ተጠናቋል። ጥያቄው በሰዓቱ ደርሷል፣ ተቆጣጣሪዎቹም ሥርዓት ያላቸው ነበሩ፤ ዝናብም አልዘነበም።

ከዚያ ወዲህ በላክሽው አጭር ደብዳቤ ድንቡሼ ለምን ዝም አለች ላልሽው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር። አሁን ተሽሏታል። ፈተናውን እንዴት አገኘችው ላልሽው፣ እንግዲህ ፈተና ያው ፈተና ነው። ሲገናኙ ይወራል።

አልጋውን በተመለከተ አናጢውን ባታጣድፊው ጥሩ ነው። እንጨት እርጥብ ሲሆን ይጣመማል። ትንሽ ይቆይ።

የሚወድሽ ወንድምሽ


ሰኔ 10

ይድረስ ለዳይሬክተሩ፣

ሰላምታ የለኝም። ባለፈው አንተ የሁላችንንም ድርሻ ጨርሰኸዋል። ያን ደብዳቤ ሳነብ «ይኼ ልጅ ምን ሰብሮ ነው?» ብዬ ነበር፤ ልጅ ሆነህም ብርጭቆ የሰበርክ ቀን እግሬን ታጥበኝ ነበር። ሚስትህ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም አላለችኝም። ልብ ብዬው አልፌዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዛሬ ጠዋት የመምሪያው ሾፌር የትምህርት ቤትህን ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ፈተና ላይ ያልተገኙ ተማሪዎች ዝርዝር፣ ከሠላሳ አንድ የሕክምና ማስረጃ ጋር። ሠላሳ አንዱም ጉንፋን። ሠላሳ አንዱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ነርስ እጅ። ነርሱ የሚስትህ የአክስት ልጅ መሆኑን እረሳዋለሁ ብለህ ነው? የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ!

ከዘጠና አራት ተማሪ ሲሶው ሠላሳ አንድ ነው። አንድ አላጎደልክም፣ አንድ አልጨመርክም። ልኩን የነገርኩህ ደግሞ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌ።

ተራ ቁጥር አርባ ስድስት ላይ ስደርስ ስሟን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጎኑ፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ፣ የኔ ስም አለ። ጽሕፈት ቤት አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ «ምነው? ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ጉንፋን» አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ዝርዝሩ ላይ ተተክዬ ዋልኩ። ሁለት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት እያለ ይሄዳል። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ዘጠኙ ተጋማሽ ቁጥር ናቸው። ተጋማሽ ቁጥር እየመረጠ የሚይዝ ጉንፋን በዕድሜዬ አላየሁም።

ሦስት ነገር መልስልኝ። ልጆቹን በምን መረጥካቸው? ያን ሞዴል ፈተና ማን ነው ያረመው? ለልጄስ ምን ብለህ ነው ቤት ያስቀረሃት?

ዝርዝሩ ያለ እኔ ማኅተም ወደ ፈተና ቦርዱ አይሄድም። ቦርዱ ሰኔ 26 ይቀመጣል። እስከዚያ ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ።


ሰኔ 14

እትዬ፣

ስደቢኝ። ከዚህም በላይ ይገባኛል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

የመረጥኳቸው በሂሳብ ሞዴሉ ነው። ሁልጊዜ የሚጥለን ሂሳብ ነው። ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን፣ ቢሮዬን ቆልፌ። ውጤቱ ዝቅተኛ እንደሚሆን ፈርቼ መምህራኑ እንዳያዩት ነው። ተስፋ የቆረጠ መምህር ፈተና አንድ ወር ሲቀረው ምን ይሠራልኛል? እናንተ የላካችሁትን መልስ ይዤ አንድ ካርቶን ቀደድኩ፤ በትክክለኛው ፊደል ቦታ ቀዳዳ አወጣሁለት፤ ከዚያ ካርዱን በየመልስ ወረቀቱ ላይ እየደረብኩ በቀዳዳው የታየውን ብቻ ቆጠርኩ። ዘጠና አራቱንም በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። ግማሹ ክፍል ከአርባ አሥር እንኳ አላመጣም።

ምን ላድርግ? አምና የታጠፈውን ትምህርት ቤት እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። በሩና መስኮቱ ሳይቀር ተነቅሎ ተጭኗል፣ ጥቁር ሰሌዳው የነበረበት ግድግዳ ላይ ምስማር ብቻ ቀርቷል። ከልጆቹ ወንዙን ተሻግረው ትምህርት የቀጠሉት እኩሌታዎቹ ናቸው። ሴቶቹማ አይነሳ። የኔ ትምህርት ቤት አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ አለው። ሠላሳ አንዱ አንድ ዓመት ቢዘገዩ አራት መቶው ይተርፋሉ ብዬ አሰብኩ። ወላጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠርቼ «ዘንድሮ ይረፍ፣ ለከርሞ ተዘጋጅቶ ይውሰድ» አልኳቸው። አመኑኝ። አንዱ አባት እንዲያውም እጄን ሳመኝ።

ድንቡሼን መጨረሻ ላይ ጠራኋት። የሰውን ልጅ አስቀርቼ የራሴን ባስፈትን ምን እባላለሁ? «ስንት አመጣሁ?» አለችኝ። «ዘጠኝ» አልኳት። «አይደለም» አለችኝ። «ካርድ አይዋሽም» አልኳት። «ወረቀቴን አሳየኝ» አለች። አላሳየኋትም። በፈተናው ቀን ዩኒፎርሟን ለብሳ እስከ ስድስት ሰዓት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቴ ብላ አትጠራኝም። «ዳይሬክተር፣ ምሳ ቀርቧል» ትለኛለች። ሚስቴም አታናግረኝም፤ ሰላም ያላለችሽ በዚህ ነው።

ሌላም አለ፣ ከደበቅኩሽ ኃጢአቱ ይበዛብኛል። አንድ ዓመት አብራን ትቆያለች የሚል ሐሳብም በልቤ አልፏል። እኛ ልጅ የለንም። ይቅር በይኝ።

ማኅተሙን ምቺው። እለምንሻለሁ። ለኔ ሳይሆን ለአራት መቶው ብለሽ።


ሰኔ 17

ወንድሜ፣

የመልሱን ወረቀት ግልባጭ ፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፍልህ።

ሞዴሉን አሽጌ የላክሁት እኔ ነኝ። ኢተጋማሽ ቁጥር የያዘ ተማሪ ኮድ አንድ፣ ተጋማሽ ቁጥር የያዘ ኮድ ሁለት እንዲሰጠው ፖስታው ላይ ጽፌያለሁ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች እንዳይኮራረጁ የጥያቄው ቅደም ተከተል የተለያየ ነው። አደራረጉን አንተም ታውቀዋለህ፣ ወረቀቱንም በዚሁ መልክ ነው ያደልከው። በየዓመቱ መልሱ የሚላክልህ በሁለት ወረቀት ነበር። ዘንድሮ አንድ ወረቀት ነው የደረሰህ።

አምላኬ! ያ ወረቀት ጀርባ ነበረው። ገልብጠኸዋል?

ፊቱ የኮድ አንድ መልስ ነው፣ ጀርባው የኮድ ሁለት። ወረቀት ለመቆጠብ ፊትና ጀርባ ያባዛሁት እኔው ነኝ። «ጀርባውን ይመልከቱ» የሚል መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም። አንተም አንድ ካርድ ቀደህ ዘጠና አራቱንም በእሱ ለካሃቸው። ልጄ አልተሳሳተችም፤ ሌላ ልጅ የተጠየቀውን ጥያቄ መልስ ነው ከእሷ የፈለግከው። የሂሳብ መምህሩን አጠገብህ አስቀምጠኸው ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይነግርህ ነበር። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ነከሰ ይሉሃል ይኼ ነው።

ወረቀቶቹ ካሉህ ዛሬውኑ አውጣቸው። ካርዱን ጣለው። በእጅህ እረማቸው። ከዚያ ጻፍልኝ። ከዚያ በፊት ስለ ማኅተም አንድ ቃል እንዳትናገረኝ።


ሰኔ 21

እትዬ፣

አልገለበጥኩትም።

የመልሱ ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አገላብጬ ሳየው የጀርባው ጽሑፍ እንደ አዲስ ነው፣ የእጅ አሻራ እንኳ የለበትም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ውሃ ሰጠችኝ።

ሁለት ቀን አረምኩ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ አምስቱ ከግማሽ በላይ ናቸው። ክፍሉ በጠቅላላ ከዘጠና አራት ስልሳ ሁለት ያሳልፋል። ገባሽ? ማንንም መደበቅ አያስፈልገኝም ነበር። ሁሉንም አስቀምጬ ባስፈትን ትምህርት ቤቱ በእግሩ ይቆም ነበር። የደበቅኳቸው የሚያድኑኝ የነበሩትን ልጆች ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል የሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ድንቡሼ ሠላሳ ስምንት አምጥታለች። ከአርባ። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ናት። አልነገርኳትም። በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ይህ ነገር ከወጣ ነርሱ ይታሰራል፣ እኔ እባረራለሁ፣ አንቺም ከዚህ አትተርፊም፤ ያን ደብዳቤ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። የሞዴሉ ወረቀት እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። አንድ የእሳት ጉዳይ ነው። ልጆቹ ለከርሞ ይፈተናሉ፣ በደንብ ያልፋሉ። አንድ ዓመት ነው። ድንቡሼን እኔ ራሴ አስጠናታለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት?


ሰኔ 23

ወንድሜ፣

ይህን ለሾፌሩ በእጁ ነው የሰጠሁት፣ ዛሬውኑ ይደርስሃል።

አንድ ዓመት ምን አላት? የሦስት ዓመት ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ አለኝ፤ በያንዳንዱ መጨረሻ «እማ ስንት ቀረ?» ይላል። አንተ ቤት ሆና ቀን የምትቆጥር ልጅ ናት። አንድ ዓመት ይህ ነው ያለው። የሌሎቹን ሠላሳ እናቶች ደግሞ አላውቃቸውም፤ ሳጥናቸው ውስጥ ምን እንዳለ እነሱ ያውቃሉ።

አንዲት ወረቀት ብታቃጥል እህት እንዳለችህ እርሳ።

የማደርገውን ልንገርህ፣ ከሰው አትስማ። ሰኔ 26 ጠዋት ቦርዱ ከመቀመጡ በፊት ሰብሳቢው ቢሮ እገባለሁ። ማኅተም ያልተመታበትን ዝርዝር አስቀምጣለሁ። ከላዩ በግንቦት 14 የጻፍኩልህን ደብዳቤ ግልባጭ እደርባለሁ፤ መሥሪያ ቤት የለመደብኝ ነው፣ የጻፍኩትን ሁሉ ግልባጭ አስቀራለሁ። ልጄ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለችም እነግራቸዋለሁ። የሚመጣብኝ ይምጣብኝ። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ትናንት ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።

አንተ ግን ከእኔ ቀድመህ መግባት ትችላለህ። አውቶቡሱ ሰኔ 25 ይነሳል። ወረቀቶቹን ይዘህ ና፣ ካርዱንም አምጣው። እኔ ብናገር ክስ ነው፤ አንተ ብትናገር ለነዚያ ልጆች ሌላ የፈተና ቀን መጠየቅ ይሆናል። ትንሽ ሆነህ ብርጭቆ ስትሰብር እግሬን ካጠብከኝ በኋላ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ለእናታችን የምትናገረው አንተው ነበርክ። እኔ አንድም ቀን አልተናገርኩብህም።

መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህም ብቻዬን እገባለሁ።

እህትህ


ሐምሌ 12

ይድረስ ለእትዬ፣

እኔ ካየሁሽ ወዲህ መዝገብ ቤት አወረዱሽ ሲባል ሰማሁ። አቧራው እንዴት ነው ብዬ ለመጠየቅ አፍራለሁ። ያን ቀን ቦርዱ ፊት ስቆም ካርዱን አንስቼ ሳሳያቸው፣ ሰብሳቢው በቀዳዳው ዓይናቸውን አድርገው አዩኝና «በዚህች ነው የሰው ልጅ የለካኸው?» አሉኝ። ከቅጣቱ ሁሉ እሷ ናት የከበደችኝ። ኮሪደር ላይ ቆመሽ እንደነበር ያወቅሁት ስወጣ ነው። ስለ ያዝሽልኝ መሀረብ አመሰግናለሁ፣ ታጥቧል፣ እልክልሻለሁ።

ነርሱ አልታሰረም፣ የሁለት ወር ደመወዝ ተቀጥቷል። ሚስቴ እንደገና ታናግረኛለች፤ እስካሁን «ብላ» እና «ተው» ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ነገር ነው። ዳይሬክተርነቱን አስረክቤያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ሂሳብ አስተምራለሁ። ድልድዩን በየቀኑ የምሻገረው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ዕጣ የሠላሳ አንዱ ውጤት ሲመጣ ይወሰናል ተብሏል። እኔ ግን ወረቀታቸውን አይቼዋለሁ፣ አልፈራም።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ። የካርዱንና የኮዱን ነገር ከቦርዱ እንደተመለስኩ ለድንቡሼ ነግሬያታለሁ፤ አንቺ ግን ስታናግርህ መጀመሪያ ምን ትልሃለች ብለሽ ነበር።

ቦርዱ የፈቀደላቸው የማካካሻ ፈተና ትናንት ነበር። ግቢው ውስጥ እንዳልገባ ስለ ተከለከልኩ ከአጥሩ ውጭ፣ ዘበኛው ከሚቀመጥበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። ሠላሳ አንዱም መጥተዋል። እጄን የሳመኝ አባትም ልጁን አድርሶ በአጠገቤ አለፈ። አላየኝም፣ ወይም አላየሁም አለ። ልክ ነው።

ድንቡሼ ከሁሉ ቀድማ ወጣች። በአጠገቤ ታልፋለች ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ቆመች። የሂሳቡን ጥያቄ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፤ መልሷን እዚያው ላይ አክብባ አስቀርታዋለች። እጄን ስዘረጋ መልሳ ወደ ደረቷ ሳበችው።

«መጀመሪያ ኮዱን አንብብ» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት።

«ጮክ በል።»

«ኮድ ሁለት!» አልኩ። ዘበኛው ዞሮ አየኝ።

«አሁን አርም» አለችኝ፣ ወረቀቱን ሰጠችኝ፣ ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች።

ካርድ አልነበረኝም፣ መልስም አልነበረኝም። ከአንድ እስከ አርባ ያሉትን እያንዳንዱን በእስክሪብቶ ሠራሁት፣ መዳፌ ላይ ሳይቀር። ሌሎቹ ልጆች እየወጡ ሄዱ። ዘበኛው በሩን ዘጋ። እሷ አልቸኮለችም። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ይቺን ስተሻታል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እትዬ፣ ያ አስተያየት ያንቺ ነው፣ ቁርጥ ያንቺ። «እንደገና ሥራው፣ አጎቴ» አለችኝ።

እንደገና ሠራሁት። የሳትኩት እኔ ነበርኩ።

አርባ ከአርባ ነው። ቁመቷን ዛሬ ጠዋት በር ላይ አቁሜ ለካኋት፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት። አልጋውን አሠሪው።

ወንድምሽ